«የት ነው የተመቱት?»፦ የካርዲፍ ድንገተኛ ክፍል መረጃ ሥራ ላይ የዋለበት ጉዳይ

በድንገተኛ ክፍል የሚመዘገበው መረጃ አብዛኛውን ጊዜ ለሁለት ነገር ብቻ ያገለግላል፤ ለዕለቱ ሕክምናና ለወር መጨረሻ ሪፖርት። ቁስሉ ተሰፍቶ ሕመምተኛው ከተሸኘ በኋላ የሚያየው የለም። በዌልስ ዋና ከተማ በካርዲፍ ግን ምዝገባው ላይ የተጨመሩ ጥቂት ጥያቄዎች ትልቅ ለውጥ አምጥተዋል። በጥቃት ተጎድቶ ሆስፒታል የሚተኛው ሰው ቁጥር በመሰል ከተሞች ሲጨምር በካርዲፍ ቀነሰ። አሠራሩ ዛሬ በብዙ አገር «የካርዲፍ ሞዴል» በሚል ስም ይታወቃል። ሲወራለት የሚሰማው ግን ውጤቱ ብቻ ነው። ሆስፒታሉ ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ለመጀመር ለሚያስብ ሰው ይበልጥ የሚጠቅመው የአሠራሩ ውስጥ ነው፦ ማን ይጠይቃል፣ ምን ይጠይቃል፣ መልሱ ማን እጅ ይገባል፣ የሚበላሸውስ የት ላይ ነው? (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፖሊስ የማያውቀው ጥቃት

የሐሳቡ አመንጪ ጆናታን ሼፐርድ የአፍ፣ የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሐኪም ናቸው። የተሰበረ መንጋጋ፣ ወደ ውስጥ የገባ የጉንጭ አጥንት፣ በብርጭቆ የተተለተለ ፊት የዚህ ሙያ የዘወትር ሥራ ነው። ሼፐርድ በ1980ዎቹ በብሪስቶል ከተማ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ በጥቃት ተጎድተው ድንገተኛ ክፍል የመጡ ሰዎችን ከፖሊስ መዝገብ ጋር አስተያዩ። አብዛኞቹ ፖሊስ ዘንድ አልተመዘገቡም።

ሰዎች የማያመለክቱበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዱ አጥቂው ተመልሶ ይመጣብኛል ብሎ ይፈራል። ሌላው ራሱም ስለተማታ መጠየቅ አይፈልግም። የመታውን ሰው ጨርሶ የማያውቅ አለ፤ ፖሊስ ምንም አያደርግልኝም ብሎ ቤቱ የሚገባም አለ። ሆስፒታሉ ለፖሊስ ይናገራል ብሎ የሚያስብም አይጠፋም። ሁሉም ግን መንጋጋው ከተሰበረ ሐኪም ዘንድ ይመጣል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ቀላል አይደለም። ፖሊስ የጥቃት ካርታ ሲሠራ የሚሥለው ያመለከቱ ሰዎችን ካርታ ነው። ሠራተኞቹ ፖሊስ የማይጠሩ የምሽት ክለብ በዚያ ካርታ ላይ ሰላማዊ ሆኖ ይታያል። ጠብ በተነሣ ቁጥር ስልክ የሚደውል ኃላፊነት የሚሰማው ባለቤት ግን ችግር ፈጣሪ መስሎ ይወጣል። የጥበቃ ኃይል በዚህ ካርታ ከተመደበ ቅዳሜ ሌሊት የሚሰማራው ያለቦታው ነው።

የምዝገባ መስኮቱ ላይ የሚጠየቀው

በካርዲፍ ጥያቄውን እንዲጠይቁ የተመረጡት የምዝገባ ሠራተኞች ናቸው። ምርጫው በደንብ የታሰበበት ነው። ሕመምተኛው ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኘው እነሱን ነው፤ ስምና አድራሻ ለመሙላት ኮምፒውተሩ ፊታቸው ተከፍቷል፤ በሃያ አራቱም ሰዓት ተረኛ አለ። ነርሷ ወይም ሐኪሙ ጋ ሲደርስ ትኩረቱ ደሙን ማቆም ላይ ነው፤ የመንገድ ስም የሚጻፍበት ጊዜ አይደለም።

ሰውየው የመጣው በጥቃት ተጎድቶ ከሆነ የሚከተሉት ይጠየቃሉ። ጥቃቱ በትክክል የት ደረሰ? መቼ፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት? በምን ተመቱ፦ በቡጢ፣ በርግጫ፣ በብርጭቆ፣ በጠርሙስ፣ በቢላዋ ወይስ በሌላ? አጥቂዎቹ ስንት ነበሩ? በቃ። ሁሉም ተጠይቆ ለመሙላት ከአንድና ሁለት ደቂቃ አይበልጥም። ቅጹ ለምን አጭር ሆነ ብሎ ለሚጠይቅ፣ በሌሊት ሰልፍ ፊት አሥራ አምስት ጥያቄ የያዘ ቅጽ ማንም አይሞላውም።

ከሁሉም የሚበልጠው የቦታው ጥያቄ ነው። መልሱ «መሃል ከተማ» ከሆነ ከዚያ በኋላ የሚሠራ ነገር የለም። «ሴንት ሜሪ ስትሪት» ይሻላል፤ ነገር ግን መንገዱ ረጅም ነው፣ ግራና ቀኙም መጠጥ ቤትና ክለብ ነው። የሚፈለገው የቤቱ ስም ነው፤ ውስጥ ይሁን በሩ ላይ፣ ታክሲ መጠበቂያው ጋ ይሁን ሌሊት ምግብ የሚሸጥበት ሱቅ ፊት። ስለዚህ ሠራተኛዋ ሁለተኛ ጥያቄ መጠየቅ አለባት፦ «ከየትኛው ቤት አጠገብ?» ይህች ሁለተኛ ጥያቄ ከተረሳች የቀረው ድካም ከንቱ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ኮምፒውተሩ ሰውየው የደረሰበትን ሰዓት ራሱ ይመዘግባል፤ ጥቃቱ የደረሰበትን ሰዓት ግን አያውቅም። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ተመትቶ፣ ቤቱ ሄዶ ተኝቶ፣ ጠዋት ፊቱ አብጦ ሲነሣ የሚመጣ ብዙ ነው። በመድረሻ ሰዓት የተሠራ ሠንጠረዥ እሑድ ረፋድ ላይ ጠብ የበዛ ያስመስላል።

መረጃው ከመስኮቱ በኋላ

በየወሩ ሆስፒታሉ የእነዚህን መስኮች፣ ማለትም በቅጹ ላይ መልስ የሚሞላባቸውን ቦታዎች፣ ዝርዝር ከኮምፒውተሩ ያወጣል። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ አድራሻና የካርድ ቁጥር ይወጡለታል። ጥቃቱ በመኖሪያ ቤት ከደረሰ «መኖሪያ ቤት» ተብሎ ብቻ ያልፋል እንጂ የቤቱ አድራሻ አይተላለፍም፤ አድራሻው ራሱ ማንነትን ይገልጣልና። የቀረው ለወንጀል መረጃ ተንታኝ ይላካል።

ተንታኙ መጀመሪያ የሚሠራው ማጽዳት ነው። አንድ ክለብ በአምስት ዓይነት አጻጻፍ ተጽፎ ይመጣል፤ ስሙን የቀየረ መጠጥ ቤት በአሮጌው ስሙ ይጠራል። እነዚህን ወደ አንድ ስም ሳይመልሱ መቁጠር ዋናውን የጠብ ቦታ በትኖ ይደብቀዋል። ከዚያ ከፖሊስ መረጃ ጋር ይዋሐድና በካርታና በሠንጠረዥ ይወጣል፦ የትኛው ቦታ፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ በምን።

ይህ ውጤት የሚቀርበው ሐኪሞች፣ ፖሊስና የከተማው አስተዳደር አብረው ለሚቀመጡበት ቡድን ነው። በካርዲፍ ቡድኑ ሥራ የጀመረው በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ነው፤ በ1998 የወጣው የወንጀልና የሥርዓት አልበኝነት ሕግ ደግሞ ፖሊስና የአካባቢ አስተዳደር በእንግሊዝና በዌልስ ሁሉ እንዲህ ያለ ጥምረት እንዲያቋቁሙ አስገደደ። የሐኪሙ እዚያ መቀመጥ ለይስሙላ አልነበረም። የክለብ ባለቤት ፖሊስ ሲናገረው ይከራከራል፤ ደንበኞቹ ላይ የደረሰውን የፊት ጉዳት የሰፋው ቀዶ ሐኪም ሲያስረዳው ግን ያዳምጣል። በካርዲፍ የድንገተኛ ክፍልና የፊት ቀዶ ሕክምና ሐኪሞች ከፖሊስ ጋር ሆነው የክለብ ኃላፊዎችን ፊት ለፊት አነጋግረዋል።

ከመረጃው የወጡት እርምጃዎች ያልተወሳሰቡ ናቸው። የፖሊስ ስምሪት ጠብ ወደሚበዛባቸው ቦታዎችና ሰዓቶች ተዛወረ። መሃል ከተማው ላይ መጠጥ ቤቶች የበዙበት መንገድ ለእግረኛ ብቻ ተደረገ፤ ክለቦች ሲዘጉ ጠባብ የእግረኛ መንገድ ላይ የሚተፋፈግ ሕዝብ መገፋፋቱ ራሱ የጠብ መነሻ ነውና። በተመረጡ ቤቶች የፕላስቲክ ብርጭቆና ጠርሙስ ግዴታ ሆነ። የመጠጥ ፈቃድ ሲሰጥና ሲታደስም መረጃው ማስረጃ ሆኖ ቀረበ።

አንዳንዱ ግኝት ከግምት ውጭ ነበር። በከተማዋ የብሔራዊ ቡድኑ የራግቢና የእግር ኳስ ግጥሚያ ሲኖር በጥቃት ተጎድቶ የሚመጣው ሰው የሚበዛው ዌልስ ስትሸነፍ ሳይሆን ስታሸንፍ መሆኑ ታየ። ያለ ድንገተኛ ክፍል መዝገብ ማንም ሰው ተቃራኒውን ገምቶ የሠራተኛ ድልድሉን በዚያው ያወጣ ነበር።

የብርጭቆው ጉዳይ

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ ጥሩ መረጃ ተይዞ እንኳ መፍትሔው ሊሳት እንደሚችል የሚያሳየው ይህ ነው።

የተለመደው የቢራ ብርጭቆ ሲሰበር ረጅምና ስለታም ስብርባሪ ይወጣዋል። ፊት ላይ ሲያርፍ ቆዳን ብቻ አይቆርጥም፤ የፊት ጡንቻን የሚያንቀሳቅስ ነርቭንና ዓይንንም ይጎዳል። በሙቀት የጠነከረ ብርጭቆ ሲሰበር ግን ወደ ትናንሽ ደብዛዛ ቅንጣቶች ይፈርሳል። ስለዚህ ሁሉም ቤቶች በዚህ ይቀይሩ ማለት ግልጽ መልስ ይመስላል። ሼፐርድና ባልደረባቸው ይህን በ57 መጠጥ ቤቶች በዕጣ ተደልድሎ በተሠራ ሙከራ ፈተሹት። ውጤቱ ተገላቢጦሽ ሆነ፤ ጠንካራ የተባለው ብርጭቆ የገባላቸው ቤቶች ሠራተኞች ይበልጥ ተጎዱ። ምክንያቱን ሲያዩት፣ ለሙከራው የቀረቡት ብርጭቆዎች ግጭትን የመቋቋም አቅማቸው ከተራው ብርጭቆ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የማጠንከሩ ሥራ በሚገባ ካልተሠራ ብርጭቆው ቶሎ ቶሎ ይሰበራል፤ አሠራሩ ላይ የጥራት መመዘኛ መኖር አለበት ማለት ነው።

«መሣሪያ፦ ብርጭቆ» የምትለው መስክ ችግሩ እንዳለ ነገረችን እንጂ መድኃኒቱን አልነገረችንም። መድኃኒቱ ለብቻው ተፈትኖ መለካት ነበረበት።

ለሕመምተኛውስ?

ብዙ ሰው መረጃው ለፖሊስ ብቻ የሚጠቅም ይመስለዋል። ሆኖም ተመሳሳይ ጥያቄዎች አልጋው ላይ ያለውን ሰው ሕክምናም ያሻሽላሉ። መሣሪያው ብርጭቆ ከሆነ ቁስሉ ከመሰፋቱ በፊት ራጅ ይታዘዛል፤ ብርጭቆ ሁሉ ማለት ይቻላል በራጅ ይታያል፣ ውስጥ የቀረ ስብርባሪ ደግሞ ከሳምንታት በኋላ መግል ይዞ ይመልሰዋል። «ጠብ፣ በቡጢ» ተብሎ የመጣና ጉልጥምቱ ላይ ትንሽ ቁስል ያለው ሰው ደግሞ የሌላ ሰው ጥርስ ወግቶት ሊሆን ይችላል። ጥቃቅን የምትመስለው ያቺ ቁስል እስከ መገጣጠሚያው ከዘለቀች በአፍ ባክቴሪያ ትመረዛለች፤ ታጥቦ ወደ ቤት መሸኘት አይበቃም። ጭንቅላቱ ላይ ተረግጦ የመጣውና በጥፊ የተመታውም እኩል አይታዩም።

ሌላው የመጠጥ ጉዳይ ነው። በካርዲፍ በተሠራ ሌላ ሙከራ፣ ጠጥተው ፊታቸው ላይ የተጎዱ ወጣት ወንዶች ስፌታቸው ሊወጣ ሲመጡ ነርሷ አጭር የምክር ውይይት አደረገችላቸው። በ2003 የታተመው ውጤት እንዳሳየው ከዓመት በኋላ አደገኛ መጠን የሚጠጡት ቁጥር ምክሩን ባገኙት ዘንድ በጣም ቀነሰ፤ ባላገኙት ዘንድ እምብዛም አልተለወጠም። የተመረጠችው ሰዓት ናት ሥራውን የሠራችው። በጉዳቱ ሌሊት ሰውየው ሰክሯል፣ ሕመም ላይ ነው፤ ምን እንደተባለ አያስታውስም። ከአምስትና ከስድስት ቀን በኋላ ግን አእምሮው ጠርቷል፣ ጠባሳውን በመስተዋት አይቷል፣ ከነርሷ ጋር ብቻውን ተቀምጧል።

ቁጥሮቹ እንዴት ይነበባሉ

ዋናው ግምገማ የታተመው በ2011 በብሪታንያ የሕክምና ጆርናል ላይ ነው። 33 ወራት የዝግጅት ጊዜ ነበሩ፤ ከዚያ መረጃው ለ51 ወራት፣ እስከ 2007 መጨረሻ፣ በተግባር ላይ ዋለ። ካርዲፍ የተነጻጸረችው የብሪታንያ የአገር ውስጥ ሚኒስቴር «በጣም ተመሳሳይ» ብሎ ከመደባቸው 14 ከተሞች ጋር ነው።

ከ100,000 ነዋሪ በጥቃት ምክንያት በወር ሆስፒታል የሚተኛው ሰው በካርዲፍ ከ7 ወደ 5 ወረደ፤ በማነጻጸሪያ ከተሞቹ ከ5 ወደ 8 ወጣ። ሌሎች ልዩነቶች ታስበው የተገኘው ምጣኔ 0.58 ነው፤ መረጃው ባይሠራበት ኖሮ ከሚጠበቀው 42 በመቶ ዝቅ ማለት ነው። የ95 በመቶ የእርግጠኝነት ወሰኑ፣ ማለትም እውነተኛው ምጣኔ ይገኝበታል ተብሎ የሚገመተው ክልል፣ ከ0.49 እስከ 0.69 ነው።

የፖሊስ ቁጥሮች ግን ላይ ላዩን ላያቸው ያሳስታሉ። ፖሊስ የመዘገበው የማቁሰል ወንጀል፣ በዚያው ስሌት ከ100,000 ነዋሪ በወር፣ በካርዲፍ ከ54 ወደ 82 ጨምሯል! ይህን ብቻ ያየ ባለሥልጣን ፕሮግራሙን ሊዘጋው ይችል ነበር። በማነጻጸሪያዎቹ ግን ከ54 ወደ 114 ነው የዘለለው። በ2002 በእንግሊዝና በዌልስ አዲስ ብሔራዊ የወንጀል አመዘጋገብ ደንብ ሥራ ላይ ስለዋለ በየቦታው የሚመዘገበው ጥቃት በዝቷል። ቀለል ያለው ጥቃት ደግሞ በካርዲፍ ከ15 ወደ 20 ሲጨምር በሌሎቹ ከ42 ወደ 33 ቀንሷል። የተመራማሪዎቹ አተረጓጐም አሳማኝ ነው፦ ፖሊስ በትክክለኛው ቦታና ሰዓት ስለተገኘ ጠቡን ገና በመገፋፋት ደረጃ ያገኘዋል፣ ይመዘግበዋል፣ መንጋጋ እስኪሰበር አይቆይም።

የሆስፒታል መተኛት ዋና መለኪያ የሆነው ለዚህ ነው። ሰው አመለከተ አላመለከተ፣ የፖሊስ ደንብ ተለወጠ አልተለወጠ፣ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው መንጋጋ አልጋ ይይዛል። እርግጥ ነው ጥናቱ የአንድ ከተማ ነው፤ ከተሞቹም በዕጣ አልተደለደሉም። ስለዚህ የቁጥሩን መጠን ሳይሆን አቅጣጫውን መያዝ ይበጃል።

በ2014 የታተመው የወጪ ስሌት ለእያንዳንዱ 1 ፓውንድ ወጪ ለኅብረተሰቡ 82 ፓውንድ ጥቅም እንደተገኘ አስልቷል። ምጣኔው ይህን ያህል የበዛው ወጪው በጣም ትንሽ ስለሆነ ነው፤ የምዝገባ ሠራተኞቹም ኮምፒውተሮቹም ቀድሞ የነበሩ ናቸው፣ የተጨመረው በዋናነት የተንታኝና የስብሰባ ጊዜ ነው።

ሌላ ቦታ ሲሞከር የሚበላሸው

በእንግሊዝ ከ2014 ጀምሮ ይህን መረጃ ለመሰብሰብ ብሔራዊ መመዘኛ ወጥቷል። መመዘኛ መውጣቱ ግን መስኩ በትክክል ይሞላል ማለት አይደለም።

የመጀመሪያው ብልሽት የሚከሰተው በጣም በሚፈለግበት ሰዓት ነው። ዓርብና ቅዳሜ ሌሊት ሰልፉ ይረዝማል፣ በጊዜያዊነት የመጣ ተረኛ ይገባል፣ መስኩ ባዶ ይታለፋል። የወሩ አማካይ አሞላል ጥሩ ቢመስልም ሌሊቶቹ ተለይተው መታየት አለባቸው። ሁለተኛው፣ የኮምፒውተር ሰዎች ሥራ ለማቅለል ብለው የቦታውን መስክ ወደ ምርጫ ዝርዝር ይቀይሩታል፦ «መንገድ»፣ «መጠጥ ቤት»፣ «መኖሪያ ቤት»፣ «ሌላ»። ያን ጊዜ አሞላሉ መቶ በመቶ ይደርሳል፣ መረጃው ግን ይሞታል። የምርጫ ዝርዝሩ ይኑር፤ ከጎኑ ግን በጽሑፍ የሚሞላ ቦታ የግድ ነው።

ሦስተኛው ብልሽት የማይታይ ነው። ጥያቄውን የሚጠይቁት ሠራተኞች መልሱ የት እንደሚሄድ ካላወቁ በወራት ውስጥ ይሰለቻሉ። በየሩብ ዓመቱ አንድ ገጽ ወረቀት መለጠፍ፣ «እናንተ በመዘገባችሁት ምክንያት እዚህ ቦታ ይህ ተደርጓል» ማለት፣ ከማንኛውም ሥልጠና የበለጠ ይሠራል ብለን እናምናለን።

የሚደባለቅ ነገርም አለ። በጥይት ወይም በቢላዋ የተወጋ ሰው ሲመጣ ለፖሊስ ማሳወቅ የራሱ የሙያ መመሪያ ያለው፣ አንድን ክስተት የሚመለከት ውሳኔ ነው። የካርዲፍ አሠራር ግን ማንነት የሌለው የድምር መረጃ ነው። ሁለቱ በሠራተኞች አእምሮ ከተምታቱ ሕመምተኛውም ይሰማዋል፤ ፖሊስ ሊመጣብኝ ነው ብሎ ሳይታከም የሚወጣ ይኖራል። መስኮቱ ላይ የሚነገረው ዓረፍተ ነገር ቀድሞ መዘጋጀት አለበት፦ «ስምዎ አይተላለፍም፤ ቦታውን የምንጠይቀው ሌላ ሰው እዚያ እንዳይጎዳ ነው።»

ካርዲፍን የረዳት አንድ ሁኔታ አብዛኛው ተጎጂ ወደ አንድ ትልቅ ድንገተኛ ክፍል መሄዱ ነው። ብዙ ሆስፒታል ባለበት ከተማ አንዱ ብቻ ቢሳተፍ ካርታው ያንን ሰፈር ብቻ ያሳያል። በአሜሪካ በአትላንታ በግሬዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሲሞከር ጠያቂዎቹ ነርሶች ነበሩ፤ በ2019 የታተመው ውጤት እንዳሳየው ከተመዘገቡት ጥቃቶች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑትን ፖሊስ አያውቃቸውም ነበር። ጠያቂው ሌላ፣ አገሩ ሌላ፣ የፖሊስ መዝገብ ክፍተት ግን ያው።

ካርታው የማይደርስበት ጥቃትም አለ። ቤት ውስጥ በባል ወይም በቤተሰብ የሚደርስ ጉዳት «መኖሪያ ቤት» ተብሎ ስለሚያልፍ የፖሊስ ስምሪት አይለውጠውም። መስኮቱ ላይ፣ ምናልባትም አጥቂው አጠገቧ ቆሞ፣ «ማን መታሽ?» ተብላ የምትጠየቅ ሴት «ደረጃ ላይ ወድቄ ነው» ትላለች። ይህ ጥያቄ ከመስኮቱ ተነሥቶ ወደ ውስጥ መግባት አለበት፤ አብሯት የመጣው ሰው ውጭ እንዲጠብቅ ተደርጎ፣ በር ተዘግቶ፣ በነርሷ ወይም በሐኪሟ ይጠየቃል። መልሱም ወደ ተንታኙ ሠንጠረዥ ሳይሆን፣ በእሷ ፈቃድ፣ ለዚሁ ወደ ሠለጠነ ባለሙያ ይተላለፋል።